ላልተጠራ እንግዳ

ቫል ዶ ሙኢኞ፣ ፖርቱጋል፣ ተዳፋቱ ላይ፣
ግድግዳ የሌለው ትምህርት ቤት ልሠራ ተቀጠርኩ፤
ሰማዩ ጣራ፣ ድንጋዩ ወንበር፣
ካንዲት የመጻሕፍት ክፍል በቀር።

መምህርት ኤርሜሊንዳ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፦
"ጥላ ስጠን።"
ባለፍየሉ ቤላርሚኖ አንድ ነገር ነገረኝ፦
"እዚህ እሳት ይመጣል። ዘንድሮ ካልሆነ ለከርሞ።"

ጥላና እሳት የአንድ ዛፍ ልጆች ናቸው
ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ፤
ወዲያው ሰረዝኩት። ካስማና ሲባጎ አነሣሁ።

እኛ ለእንግዳ ምንጣፍ አንጥፈን፣
አልጋችንን ለቀን መሬት የተኛን፣
በጎልማሳነቴ ተማርኩ እንግዳ ማሳፈር፤
ደጅ ድረስ መጥቶ፣ የሚይዘው አጥቶ፣ እንዲያፍር።

እሳት መሰላል ይወዳል።
ሣር ረግጦ ቁጥቋጦ ላይ ይወጣል፣
ከቁጥቋጦ ዝቅ ካለ ቅርንጫፍ፣ ከቅርንጫፍ ካናት፤
ካናት ወዲያማ ከነፋስ ጋር ነው፣ ማን ይደርስበታል?
መሰላሉን ነቀልነው፣ እርከን በእርከን።
የዛፎቹን ቀሚስ እስከ ጉልበት ሰበሰብን።
ቡሽ የሚላጥለትን ባሉጥ
አናት ካናት እንዳይነካካ አራርቀን ተከልን።
የክረምቱን ዝናብ በቦይ መልሰን ኩሬ አስተኛነው፤
በሚያዝያ ለልጆቹ የእንቁራሪት ትምህርት፣
በነሐሴ ለፓምፑ ጉሮሮ።

በመጻሕፍቱ ክፍል ዙሪያ ጠጠር፣ ጠጠር ብቻ።
"መላጣ አደረግኸው" አለች ኤርሜሊንዳ ቅር ብሏት።
"መላጣ በፀጉሩ አይያዝም" አልኳት።
ሳቀች፤ ግን በማግስቱ።

ሣሩን ለፍየሎቹ ሰጠን፣ ደመወዛቸውም ሣሩ፤
አንዷ የዱዋርቴን የሒሳብ ደብተር ጨምራ በላች፣
ማካፈሉን ሳይጨርስ።

ባሕር ዛፉስ?
ባሕር ተሻግሮ መጣ ሲሉ ነው ባሕር ያሉት እንጂ
ውሃውንስ ይጠጣል፣ አይሰጥም።
እዚህም መጤ ነው፤ እዚህም ወረቀት ሆነ፣ ገንዘብ ሆነ፤
እዚህም ልጣጩ እየተቦጨቀ፣ እየነደደ፣
ነፋስ ተፈናጦ ሸለቆ ይሻገራል።
አሥራ ዘጠኝ ቆረጥን።
ሃያኛውን ኢሪያ አቅፋው ቆመች፣
የፊት ጥርሷ የወለቀ፣ የስምንት ዓመት ልጅ፦
"ማንበብ የቻልኩት እዚህ ሥር ነው።"
ከጣራው ያለውን ርቀት ለካሁ። ደግሜ ለካሁ።
እንዲበቃ ፈልጌ ነበር፤
ምናልባት ሲባጎውን ሳብ ሳላደርገው አልቀረሁም።
ተውነው።

ባገሬ ነሐሴ ጎርፍ ነው፤ እዚህ ነሐሴ እሳት።
በሦስተኛው ዓመት፣ በሌሊት፣
ማዶውን ሁሉ ደርምሶ መጣ።
ሣሩን ፈለገ፣ ፍየል ቀድሞታል።
ቅርንጫፉን ዘለለ፣ አልደረሰም።
ጠጠሩ ዳር መጥቶ ቆመ፣ እንደ ባለዕዳ
በር የሚያንኳኳበት ድፍረት እንደጎደለው፤
አየሁት፣ በዓይኔ፣ ሲያፍር።

ከዚያ አንዲት ፍም፣ ከየት እንደሆነ እንጃ፣
ከኢሪያ ዛፍ ይሁን ከማዶ፣
በጭሱ መሐል በርራ መጣችና
በሩ ሥር አረፈች፤
ምንጣፉ ላይ።
ለምረቃው ቀን ከገበያ የገዛሁት የኮኮናት ምንጣፍ፣
"እንኳን ደህና መጣችሁ" የሚል።
እኔው ነኝ የገዛሁት። እኔው ነኝ ያነጠፍኩት።

ቤላርሚኖ በአካፋ ጎትቶ ኩሬ ውስጥ ጣለው፤
እንቁራሪቶቹ ዝም አሉ።
በሩ እስከ ጉልበቱ ከሰለ፣ መጻሕፍቱ ተረፉ።
ባሕር ዛፉ ባንድ ጎኑ ጠቁሮ ቆሟል፤
በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሰው እንዲለካው ጠየቅሁ፣
ሲባጎውን ሳልነካ።

ኤርሜሊንዳ በሩን አልቀየረችውም።
ልጆቹ እግራቸውን የሚጠርጉት አሁን በድንጋይ ነው።
ኢሪያ የከሰለውን እንጨት በጣቷ ነክታ፣
ጣቷን አይታ፣ እኔን አይታ፦
"እግሩን ጠርጎ ሊገባ ነበር እንዴ?"